ሞተሩ ዝም ያለ ጊዜ

አማቴ ላል ዲን፣ እኛ ቤት አባ ጂ የምንላቸው፣ በሰው ፊት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አያውቁም። በእሳቸው ፋንታ ሞተር ሳይክላቸው ይጮህላቸው ነበር።

ድሮ ቀይ ነበር ይላሉ። እኔ ሳውቀው ግን ቀለሙ ከጡብ ፋብሪካው አቧራ ጋር አንድ ሆኗል። ከኋላው ግራና ቀኝ የወተት ጋኖች የሚንጠለጠሉበት ብረት ተበይዶበታል። ከኋላ መብራቱ ሥር ደግሞ ለቡዳ መከላከያ አንዲት ያረጀች የሕፃን ጫማ ተንጠልጥላለች። የባለቤቴ የኢርሻድ ጫማ ናት፤ እሱ ዛሬ የክር ፋብሪካ ሠራተኛ ሆኖ ጢም አውጥቷል፣ ጫማዋ እዚያው ናት። ሞተሩ ማታ ከከተማ ሲመለስ ገና የቦዩን ድልድይ ሳይሻገር እኛ ግቢ ይሰማል። "ዱግ ዱግ ዱግ፣ ጧ!" ያቺ "ጧ" የምትወጣው ከጭስ ማውጫው፣ ከማርሚታው ቀዳዳ ነበር። ማርሚታው በቅቤ ቆርቆሮ ተለጥፎ፣ ልጣፉ ደግሞ በሌላ ልጣፍ ተደግፎ የኖረ ነው። ድምፁ ሲሰማ ባለቤታቸው እማ ጂ ሻይ ይጥዳሉ፣ እኔ ባልዲ አነሳለሁ። ልጄ ማህኑር "እማ" ከማለቷ በፊት "ጧ" ማለት ጀምራለች።

እሷን ለመውለድ ምጥ የያዘኝ ቀን ጤና ጣቢያ ያደረሰኝም ይኸው ሞተር ነው። አባ ጂ ነዱ፣ እኔ መሀል በጎን ተቀመጥኩ፣ እማ ጂ ከኋላ አቅፈውኝ መንገዱን ሁሉ ሞተሩን ይረግሙ ነበር። እኔስ ብጮህ ማን ይሰማኛል? ሲያልቅ አባ ጂ ኮርቻውን መታ መታ አድርገው "ወንድ ነው" አሉ። ሴት ተወለደች ተብለው ሳለ ወንድ ነው ማለታቸው ግራ ገብቶኝ ነበር። ለካ ስለ ሞተሩ ነው።

አባ ጂ ከልጅነታቸው ጀምሮ ጡብ ሲሸከሙ ኖረው፣ ወገባቸው እምቢ ሲል ነው ወደ ወተት የዞሩት። እንደ ላም የምትታለበው ጥቁር ጎሻችን ሞርኒ የምትሰጠውን፣ ከጎረቤት ከሚሰበስቡት ጋር ጭነው በየማለዳው ከተማ ይሄዳሉ። ውኃ አይጨምሩም። "ውኃ መሸጥ ያማረው ሰው ቦዩ ዳር ይቀመጥ" ይላሉ። ስለዚህ ከከተማው ዳር ያለው፣ በአጥር የተከበበው አዲስ ሰፈር ሰዎች ከእሳቸው በቀር ከማንም አይገዙም ነበር። የቤታችን ዱቄትም ሆነ የማህኑር መድኃኒት የሚመጣው ከዚያ ሰፈር ነው።

ጣጣው የመጣው ከዚያው ነው። አንድ ማለዳ የሰፈሩ ዘበኛ በሩን ሳይከፍት በመስኮት ብቅ አለ።

"አባት፣ ወተትዎን ሁሉም ይወደዋል። ሞተርዎን ግን... ሰዎቹ በሕልማችን ጦርነት እያየን ነው ይላሉ። ወይ ያሠሩት፣ ወይ ከደጅ ያቁሙት።"

ጋን ተሸክመው በእግር ያን ሁሉ ቤት ማዳረስ አይችሉም፤ ወገባቸው የታወቀ ነው። ሞተሩም ቢሆን ዕድሜው ደርሷል። ሰማያዊ ጭስ ያጨሳል፣ ከቤንዚኑ እኩል ዘይት ይጠጣል፣ ዳገት ሲያይ እንደ ሽማግሌ ያቃስታል። አዲስ መግዛት ወሬውም የለ። አባ ጂ ሞተሩን እየገፉ መንገድ ዳር ወዳለው መካኒክ ወደ ቡታ ወሰዱት።

ቡታ ዙሪያውን ዞሮ አየው። "አጎቴ፣ ይሄ የሚሄደው በቤንዚን አይደለም። በእርስዎ ዱዓ ነው።"

"ዱዓው እያለቀ ነው ወዳንተ የመጣሁት።"

"በምን ዋጋ ልሥራልዎት? በአየር?"

"በወተት።"

ቡታ ሳቀ፤ ግን ተስማማ። የእጁን ዋጋ ከሞርኒ ወተት ብርዱ እስኪገባ በየቀኑ ሊወስድ፣ ዕቃውን ደግሞ አባ ጂ ከአሮጌ ብረት ገበያ ለቅመው ሊያመጡ። ቦታ ስለጠበበው ሥራው እኛ ግቢ፣ ሞርኒ ከምትታሰርበት ግንድ ፊት ለፊት፣ ከኒሙ ዛፍ ጥላ ሥር ሆነ።

እኔ ዕቃ ሲፈታ ማየት እወዳለሁ። አሥረኛ ክፍል ስጨርስ የሳይንስ ትምህርት ነበር የሚቀናኝ። ቡታ ሞተሩን ፈትቶ በአሮጌ አንሶላ ላይ ሲደረድረው እማ ጂ አፋቸውን በሻሻቸው ሸፍነው "ይሄ ሁሉ ውስጡ ነበር?" አሉ። ብሎኑ በላምባ ታጠበ። ሲሊንደሩ ተበልቶ ስለነበር ቡታ ቶርኖ ቤት ወስዶ አሰፋው፤ በልኩ ከፍ ያለ ፒስተንና ፋሻ የሚሉት ቀለበቱ ገባለት። አዲስ የተገዛው እሱ ብቻ ነው። ካቴናው ከተገለበጠ ሞተር የተረፈ ነው። የኋላ ሞላዎቹ ከትልቅ ሞተር የወጡ ናቸው፤ ጋን ለመሸከም የተሻለ ነው ብሎ ቡታ ቀዳዳቸውን አስተካክሎ ገጠማቸው። መብራቱ እንደ ሻማ ስለነበር ሽቦውን ቀይሮ ጠንካራ አምፖል አስገባበት። የቤንዚን ጋኑ ውስጡ ዝጎ ነበር። ጠጠርና ኮምጣጤ ጨምረን በየተራ መነቅነቅ ነበረብን፤ አባ ጂ ነቀነቁ፣ እኔ ነቀነቅኩ፣ እማ ጂ እንኳ "እንደ ቅቤ መናጥ ነው" ብለው ገቡበት። ማህኑር ከጎናችን በባዶ እጇ ትነቀንቃለች። ቀለሙ ከሰው ትራክተር የተረፈ ሰማያዊ ነው።

መጨረሻ ማርሚታው ቀረ። ቡታ የተለጠፈውን አሮጌ ወደ ጥግ ወርውሮ ቀዳዳ የሌለው አንድ ያገለገለ ማርሚታ አመጣ። ከኪሱም ብዙ ቀዳዳ ያላት ቀጭን የብረት ቱቦ አወጣ።

"ይቺ ዋሽንት ናት" አለኝ፤ እኔ ጠያቂ ስለሆንኩ ለእኔ ማስረዳት ለምዷል። "ማርሚታው ጫፍ ውስጥ ትገባለች፣ ድምፁን የምትውጠው እሷ ናት። የመንደር ጎረምሶች ሞተራቸው እንዲያገሳ አውጥተው ይጥሏታል። እኔ ደግሞ ከጣሉት ለቅሜ ለጨዋ ሰው እከታለሁ።"

በአንዲት ብሎን አጠበቃት። አባ ጂ በጎረምሶች ሞኝነት ራሳቸውን ነቀነቁ።

ይህ ሁሉ ሲሆን የሞርኒ ወተት እየቀነሰ ነበር። ብዙ አላሳሰበንም። ሙቀት ነው አልን። አባ ጂ እጃቸው ዘይት ነክቶ እንደ ድሮው አላሻሿትም አልን። ወተቱን ለጊዜው በጎረቤት ባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪ እየላክን፣ ፋጉሎውም በሰዓቱ ሳይመጣ ስለሚውል፣ ምግቧ ተዛብቶ ነው አልን። "ሞተሩ ይነሳ እንጂ ሁሉም ይስተካከላል" ይሉ ነበር አባ ጂ። ተስፋችን ሁሉ እዚያ ሰማያዊ ሞተር ላይ ነበር።

ሞተሩ የተነሳበትን ቀን አልረሳውም። አባ ጂ ፔዳሉን ረገጡ። ደግመው ረገጡ። ሊሠልሱ ሲሉ ቡታ እጃቸውን ያዘ።

"አጎቴ፣ ተነስቷል!"

"የት ተነሳ?"

"እጅዎን ማርሚታው ጋ ያድርጉ።"

እጃቸውን አደረጉ። ሙቅ ትንፋሽ አገኙ። ፊታቸው ላይ ያየሁት ደስታ ይሁን ድንጋጤ መለየት አቃተኝ። "ታዲያ ለምን አይናገርም?" አሉ።

በማግስቱ ከተማ ደርሰው ሲመለሱ የሰፈሩ ዘበኛ በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ሰላም እንዳላቸው ነገሩን። ግን ሲገቡ ማንም አልሰማቸውም። እማ ጂ ጀርባቸውን ሰጥተው ዱቄት እያቦኩ ነበር፣ ዘወር ሲሉ ሰው ቆሟል።

"ወይኔ! የኢርሻድ አባት! እንደ ሌባ ከየት ወጣህ?"

"በበሩ ነዋ። ሻይ የለም እንዴ?"

"መምጣትህን ማን ነገረኝና?"

ሳቅን። የሳቅነው ግን ባልዲዬን ይዤ ሞርኒ ሥር እስክቀመጥ ነው። ግቷ ሞልቷል። ጡቷን ሳልበው ግን ጠብ የሚል የለም። አሻሸሁ፣ በሙቅ ውኃ አጠብኩ፣ ስሟን ጠራሁ። ሞርኒ ዞራ አየችኝ፣ አመነዠከች፣ ወተቷን ያዘችው። ከባልዲው ሥር ያገኘሁት ለማህኑር እንኳ የሚበቃ አልነበረም።

ጥጃዋ ከሞተች ወዲህ ሞርኒ አመለኛ ናት፤ ቢሆንም እንዲህ ሆና አታውቅም። በማግስቱም ያው። አሁን ሁላችንም ግራ ገባን። የጎደለው ምን ነበር? ሞተሩ ተነስቷል፣ ፋጉሎው በሰዓቱ ይመጣል፣ አባ ጂ እጃቸው ንጹሕ ነው። ይስተካከላል ያልነው ሁሉ ተስተካክሎ ወተቱ ጠፋ።

"የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄ ነው" አሉ እማ ጂ። "ይሄ ሰማያዊ ነገር ግቢያችን ከገባ ጀምሮ ነው።"

"ቀለም ወተት ይከለክላል?" አሉ አባ ጂ።

"እኔ ምን አውቄ? ጎሿን ጠይቃት።"

ጠየቋት ማለት ይቻላል። ሰማያዊውን የቤንዚን ጋን በአሮጌ ቀይ ጨርቅ ሸፈኑ። ምንም። አዲሱ መብራት ዓይኗን ወግቶት ይሆናል ብለው ካልሲ አለበሱት። ምንም። ቡታ ሲያጸዳ ያወለቃት የኢርሻድ ጫማ ትዝ አለቻቸውና እማ ጂ ከቆሻሻ መሀል ፈልገው አምጥተው በቦታዋ አንጠለጠሏት። "ቡዳ በልቷታል፣ ሁሉም አዲስ ሞተር ገዛችሁ ወይ ሲል ነበር" አሉ። ምንም። አባ ጂ ዘይት የጠገበ አሮጌ ሸሚዛቸውን ለበሱ፣ ሽታው ናፍቋት እንደሆነ ብለው። ሞርኒ ሸሚዙን አሸተተች፣ አስነጠሰች፣ በቃ።

ኢርሻድ ከፋብሪካው ደውሎ "ሞተሩን ከፊቷ አርቁት፣ ፈርታው ነው" አለ። አራቅነው። ባሰ። መልሰን አጠገቧ አቆምነው። ሞርኒ አንገቷን ዘርግታ ኮርቻውን ላሰችው፣ ላሰችው፣ ሽፋኑ እስኪያብለጨልጭ። ፈርታው ቢሆን ትልሰዋለች? ነገሩ ውሉ ጠፋብን።

የእንስሳት ሐኪም መጥቶ ከጆሮዋ እስከ ጭራዋ መረመራት። "ጤነኛ ናት። ወተቱም አለ። የምትለቀው ሲያሰኛት ነው፣ የሆነ ነገር እየጠበቀች ይሆናል።"

"ምን?" አልኩት።

"እሱን እንግዲህ ከእሷ ጋር የምትኖሩት እናንተ ናችሁ።"

ወተት የሚያስለቅቅ መርፌ አለ ብለው ጎረቤቶች መከሩን። አባ ጂ እምቢ አሉ። "ሳትፈቅድ የወጣ ወተት ውኃ ከተጨመረበት አይሻልም" አሉ።

የአዲሱ ሰፈር ሰዎች ግን ይጠብቃሉ። አሁን በሩ ተከፍቶላቸዋል፣ ሞተሩ እንደ ድመት ይሄዳል፣ ጋኑ ግን ግማሹ ባዶ ነው። ቡታም የእጁን ዋጋ አላገኘም፤ በሩቅ ሲያየን አንገቱን ይደፋል እንጂ አይጠይቅም፣ እሱ ደግሞ የበለጠ ያሳፍራል። ላም አለኝ በሰማይ እንደሚባለው፣ ጎሽ አለችን በግቢ፣ ወተቷንም አላየን። የማትታለብ ጎሽ ደግሞ እንደምትታለበው ትበላለች። አባ ጂ የገመድ አልጋው ላይ ተቀምጠው ጋያቸውን ሳይለኩሱ ይዘው ያያሉ፤ አንዴ ሞርኒን፣ አንዴ ሞተሩን።

"እኔ እኮ የፈታሁት ሞተር ነው" አሉ አንድ ቀን፣ ለማንም ሳይሆን። "ጎሿን አልፈታሁም።"

በዚያው ሳምንት ለከብት ነጋዴው ለሐጂ መንዙር ቃል ሰጡ። ከአገራችን የነፃነት በዓል ማግስት ማታ ይመጣል፤ እስከዚያ ካልታለበች ይወስዳታል። ወተት የሌላት ጎሽ ከነጋዴ እጅ ወዴት እንደምትሄድ ማንም አልተናገረም። እማ ጂ ወደ ጓዳ ገብተው ብዙ ቆዩ። ሞርኒን ከጥጃነቷ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው።

የበዓሉ ዋዜማ ማታ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ እንደ ልማዴ ባልዲዬን ይዤ ሥሯ ተቀመጥኩ። ተስፋ የምቆርጥ ሴት አይደለሁም፤ ደግሞም ግቷ ሞልቶ እንዳይታመም መሞከር ነበረብኝ። በዚያ ቀን እማ ጂ ከደጋግ ሰዎች መቃብር ያመጡትን ጥቁር ክር ቀንዷ ላይ አስረዋል። አባ ጂ ደግሞ አብሽ ከሸንኮራ ስኳር ጋር ቀቅለው አብልተዋታል። እኔ በበኩሌ ከግንዱ አዙሬ ፊቷን ወደ በሩ አድርጌ አስሬያታለሁ። ሦስታችንም በየፊናችን፣ ሳንነጋገር።

ያኔ ነው ጎረምሶቹ በቦዩ ዳር የመጡት። በየዓመቱ በዋዜማው ዋሽንታቸውን ከማርሚታ አውጥተው፣ ባንዲራ አስረው፣ መንደር ለመንደር እያገሱ ይዞራሉ። ከድልድዩ ጀምሮ ይሰማል፤ "ዱግ ዱግ ዱግ፣ ጧ! ጧ!" ማህኑር ደስ ብሏት "ጧ!" አለች።

ሞርኒ ጆሮዋን አቆመች። እግሯን አሰፋች። እጄ ውስጥ ያለው ጡት ሞቀ፣ ከበደ፣ ወተቱም ባልዲውን እየመታ መጣ። ዝም ብዬ አለብኩ። ብናገር የሚቆም መሰለኝ።

ባልዲውን ይዤ ስገባ ቤቱ ተናወጠ።

"ክሩ ነው!" አሉ እማ ጂ እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው። "አላልኩም? አላልኩም?"

"ክር ምን ያደርጋል? አብሹ ነው" አሉ አባ ጂ።

"አብሽማ ትናንትም በልታለች!"

"ትናንት ስኳር አልነበረውም።"

እኔ ግራ ገብቶኝ ቆምኩ። እኔም ፊቷን ያዞርኩት እኔ ነኝ ማለት አማረኝ። ግን ሌላ ነገር ጆሮዬ ውስጥ ቀርቶ ነበር።

በማግስቱ ማለዳ ክሩም አለ፣ አብሹም ከነስኳሩ አለ፣ ፊቷም ወደ በሩ ነው። አባ ጂ ሞተሩን አስነስተው ለማሞቅ አቆሙት፤ እንደ ንብ እንኳ አይልም። ሞርኒ ያዘችው። ጠብ የለም። እማ ጂ ክሩን አጠበቁት፣ አባ ጂ ስኳር ጨመሩ። የበዓሉ ቀን እንዲሁ አለፈ።

ሐጂ መንዙር የሚመጣበት ቀን ጠዋት፣ አባ ጂ ጋኖቹን ሲያስሩ ቀረብኳቸው።

"አባ ጂ፣ አንድ ነገር ልበል?"

"በይ ልጄ።"

"ድሮ ማለዳ ሞተሩን ሲያሞቁ ነበር የምትታለበው። ማታም ከድልድዩ ሲሰማ ነው ባልዲ የማነሳው። ሞተሩ ተፈትቶ በተቀመጠ ጊዜ ቀነሰች። ዝም ሲል ጭራሽ ያዘች። ጎረምሶቹ ሲያገሱ ለቀቀች። ዋሽንቷን ቢያወጧትስ?"

አባ ጂ ገመዱን እንደያዙ ቀሩ። "ያን ሁሉ ደክመን ዝም ያሰኘነውን፣ መልሼ ጩህ ልበለው?"

"ለመሞከር ያህል።"

"በዚህ ሽበቴ ዋሽንት አውጥቼ እንደ ጎረምሳ እያጓራሁ ልዙር? ሰው ምን ይለኛል? የሰፈሩ ዘበኛስ?"

"ሞርኒ ስትሸጥስ ሰው ምን ይላል?" አልኩ፤ ወዲያው ደግሞ አፌን በሻሼ ያዝኩ።

አባ ጂ ገመዱን አጥብቀው አሰሩ። ሞተሩን አስነሱ፤ ወይም እንደተነሳ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ያለ ድምፅ ወጡ። እማ ጂ ከኋላዬ ሆነው "ጎሽ የሞተር ድምፅ ትወዳለች ማለትሽ ነው?" አሉኝ። "እኔስ ስንት ዓመት ስሰማው ራሴን አሞኝ የለ?"

"እኔ እንጃ እማ ጂ።" እውነቴን ነው፤ አላወቅሁም። ክሩም ይሆን ነበር።

ማታ ሐጂ መንዙር ገመድ ይዞ መጣ። ደህና ሰው ነው፤ ለሻይ እንዳትቸገሩ አለ፣ ሞርኒን ዙሪያዋን ዞሮ አየ፣ ግቷን ዳበሰ። "ሞልቷል እኮ! ለምን አትታለብም?"

"ብናውቅማ አንሸጣትም" አሉ እማ ጂ።

"ላል ዲን የታለ?"

"እየመጣ ነው።" ይህን ሲሉ እማ ጂ ወደ ቦዩ አላዩም፤ ምን ይሰማል ብለው?

ሐጂ ገመዱን በሞርኒ አንገት አጠለቀ። እኔ ማህኑርን አቅፌ ዞር አልኩ፤ እንባዬን እንዳታይ። ያኔ ልጄ ጣቷን ወደ በሩ ቀሰረች።

"ጧ" አለች።

እኔ አልሰማሁም ነበር። ቀጥሎ ሰማሁ። ከድልድዩ ማዶ፣ ከሸንኮራ ማሳው በላይ፣ ያ ዱግ ዱግ እየቀረበ፣ እየጎላ፣ ፒስተኑ አዲስ ስለሆነ ከድሮውም ብሶ። ሞርኒ ራሷን ቀና ስታደርግ የሐጂ ገመድ ከእጁ አመለጠ። እግሯን አሰፋች፣ አንድ ጊዜ ረዥም አጉረመረመች። ባልዲ እንኳ አላቀረብኩም። ወተቱ በራሱ ከጡቶቿ ወደ መሬት ይንጠባጠብ ጀመር፤ ጠብ፣ ጠብ፣ ከዚያ በአራቱም።

"ባልዲ! ባልዲ!" ሐጂ ነው የጮኸው። "ምን ታያላችሁ? ወተት እየፈሰሰ!"

ሮጥኩ። ሥሯ ስቀመጥ አባ ጂ በበሩ ገቡ፤ ሰማያዊ ሞተር፣ ካልሲ የለበሰ መብራት፣ ከኋላ የሕፃን ጫማ፣ ድምፁ ግቢውን ሊያፈርስ ደርሶ። ፊታቸው ከሀፍረት ቀልቷል። ሞተሩን ሊያጠፉ ሲሉ ሁላችንም፣ ሐጂም ጭምር፣ "አይጥፋ!" አልን። እንዳለ አቁመውት ወረዱ። ከደረት ኪሳቸው ዋሽንቷ ብቅ ብላ ትታያለች።

ባልዲው ሞላ። ሐጂ መንዙር አንዴ ሞርኒን፣ አንዴ አባ ጂን እያየ ድምፁን ከሞተሩ በላይ ከፍ አድርጎ "ላል ዲን! ልታሾፍብኝ ነው የጠራኸኝ? ይቺ ናት ወተት የላትም ያልከኝ?" አለ።

"ሐጂ፣ በአላህ፣ እኛም ገና አልገባንም!"

"ቃል ሰጥተኸኛል።"

አባ ጂ ዞረው ባልዲውን አዩ። እኔም እጄ ቆመ።

"ካልታለበች ትወስዳታለህ ነበር ቃሌ" አሉ አባ ጂ ቀስ ብለው፤ በዚያ ድምፅ መሀል እንዴት እንደሰማናቸው አላውቅም። "ታለበች።"

ሐጂ ገመዱን ከሞርኒ አንገት አወጣ። እየጠቀለለ መሳቅ ጀመረ፤ እየቆየም እየባሰበት ሄደ። "እንግዲያ ጎሿን ተዋት። ሞተሩን ሽጥልኝ፤ እኔም ቤት የማይታለቡ አሉ።"

"ሻይ ጠጥተህ ሂድ" አሉ እማ ጂ። ስናይ ሻዩ ተጥዶ ፈልቷል። መቼ ጣዱት? እማ ጂም አያውቁትም። ድምፁን ሲሰሙ እጃቸው በራሱ ሄዶ ነው። ይህን ስነግራቸው "ከጎሽ ጋር ልታወዳድሪኝ ነው?" ብለው በማንኪያ አባረሩኝ። ክሩን ግን ከሞርኒ ቀንድ አልፈቱትም፤ እስከ ዛሬ አለ።

ከዚያ ወዲህ የአባ ጂ ኑሮ በሁለት ድምፅ ነው። ማለዳ ሞተሩ እያገሳ ሞርኒ ትታለባለች። አባ ጂ እያገሱ ወጥተው ድልድዩ ጋ ያቆማሉ፤ የአሥር ቁጥር መፍቻ ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው፣ ተንበርክከው፣ ዋሽንቷን ወደ ማርሚታው መልሰው፣ ብሎኗን አጥብቀው፣ እንደ ድመት ወደ አዲሱ ሰፈር ይሄዳሉ። ዘበኛው እጁን ግንባሩ ላይ ያደርጋል። ማታ ድልድዩ ላይ እንደገና ተንበርክከው ያወጧታል። ቡታ ዕዳውን እየተቀበለ ነው፤ "በሥራዬ ላይ እንዲህ ያለ ስድብ አይቼ አላውቅም" እያለ።

እኔን ግን አሁንም ግራ የሚገባኝ አለ። አንድ ቀን አባ ጂ አሟቸው ተኙና ቡታ መጥቶ ሞተሩን ያለ ዋሽንት አስነሳልን። ያው ድምፅ፣ ያው ሞተር። ሞርኒ አየችው፣ ያዘችው። አባ ጂ ብርድ ልብስ ተከናንበው ወጥተው ነዳጁን አንድ ጊዜ ሰጥ ሲያደርጉት ለቀቀች። እጃቸው የሚሰጠው ነገር አለ? ወይስ ቡታ ያንን "ጧ" አይችልበትም? ጠየቅኋቸው። "እኔ ምን አውቄ፣ አንቺ አይደለሽ የተማርሽው" አሉኝና ተመልሰው ተኙ።

በቀደም ለማህኑር ክትባት ከከተማ አብረን ስንመለስ ድልድዩ ላይ አቆሙ። ቁልፋቸውን አውጥተው ተንበረከኩ። አንድ ባለ ብስክሌት ወርዶ መጣ።

"አባት፣ ተበላሸብዎት? ላግዝዎት?"

"አልተበላሸም፣ ተባረክ" አሉ ብሎኗን እየፈቱ። "ላበላሸው ነው።"

ሰውዬው እኔን አየ። እኔ ምን ልበለው? ሞተሩ ተነሳ፣ ማህኑር ጭኔ ላይ ዘለለች፣ ከሸንኮራው ማዶ ከግቢያችን የሞርኒ ድምፅ መለሰ።